ደስ ሲለኝም ታምሜ ነበር

ባይፖላር ስሜትን አንዴ ያለ ልክ ከፍ፣ አንዴ ያለ ልክ ዝቅ የሚያደርግ የአእምሮ ሕመም ነው። ይህ ያለበት ሰው ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ሲወድቅ ነው። አልጋ ይይዛል፣ እህል ይጠላል፣ ያለቅሳል። ቤተሰብ ይደነግጥና ይወስደዋል። ከፍ ሲል ግን የሚወስደው የለም። ሲስቅ፣ ሲሠራ፣ ሌሊቱን ሲጸልይ ሲያድር "ተመስገን፣ ዳነልን" ይባላል። እኔም ለዓመታት የታከምኩት የበሽታዬን ግማሽ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ ጉብዝና ይባል ነበር።

ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ፣ የሀበሻ ልብስ ጥልፍ የምሠራ ሴት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። ስለ መድኃኒት የምጽፈው ከሐኪሞቼ የሰማሁትንና በራሴ ላይ የደረሰውን ነው። የእናንተን ዓይነትና መጠን የሚወስነው የያዛችሁ ሐኪም ነው።

መጀመሪያ የወደቅሁት ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ እያለሁ ነው። የሞተብኝ ሰው የለም፣ የተጣላሁት ሰው የለም። ብቻ አንድ ሰሞን ጠዋት መነሣት አቃተኝ። ፊቴን መታጠብ ከበደኝ። የዶርም ጓደኞቼ ሲያወሩ ድምፃቸው ይሰማኛል፣ ወሬው ግን አይገባኝም። ፈተና ላይ አንዱን ጥያቄ ደጋግሜ አነባለሁ፤ ስጨርሰው መጀመሪያውን እረሳዋለሁ። "ፍቅር ይዟት ነው" አሉ። ጠዋት ጠዋት ይብስብኛል፣ ወደ ማታ ትንሽ ቀለል ይለኛል። ድባቴ የሚባለው ይህ ነው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ አልለቅ ካለ፣ ሥራና ትምህርት ካስቆመ ስንፍና ነው ብላችሁ አትለፉት፤ ሐኪም ይየው።

እማዬ ጠበል ወሰደችኝ። እዚያ ሰነበትን። ቀስ በቀስ ለቀቀኝና ወደ ትምህርቴ ተመለስኩ። ጠበሉን አልነቅፍም። ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። ነገር ግን ያኔ ማናችንም ያላወቅነው ነገር ነበር። ባይፖላር ሳይታከምም ይለቃል። ድባቴውም ከፍታውም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ብዙ ጊዜ በራሱ ይሄዳል። በመሃል ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ ይመለሳል። አንድ ጊዜ ስለለቀቀ ብቻ ነገሩ አብቅቷል ብላችሁ አትዘናጉ።

ከተመረቅሁ በኋላ የመጣው ጊዜ በሕይወቴ ምርጡ መስሎኝ ነበር። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኝቼ 11 ሰዓት ላይ እነሣለሁ። ድካም የሚባል የለም። የጥልፍ ንድፍ በአእምሮዬ ይጎርፋል። ሱቅ ከፈትኩ። የስፌት መኪና በዱቤ ገዛሁ። አንድ ልብስ ሊያዝ የመጣ ደንበኛ ሦስት አዝዞ ይወጣል። አፌ አያርፍም። ሰው ሲያወራ የዘገየ ይመስለኝና ወሬውን እቀማዋለሁ። ከልጅነት ጓደኛዬ ጋር በማይረባ ነገር ተጣላሁ፤ ጥፋቱ የእሷ ለመሆኑ ቅንጣት ጥርጥር አልነበረኝም። እማዬ ለጎረቤት "ልጄ እንቅልፍ አታውቅም፣ ሥራ ብቻ" እያለች ትኮራብኝ ነበር።

ይህ ሀይፖማኒያ ይባላል። ቀለል ያለው ከፍታ ነው። ቢያንስ አራት ቀን ይቆያል፣ የሚያውቃችሁ ሰው ለውጡን ያየዋል፣ ግን ሆስፒታል አያደርስም። ማኒያ ደግሞ ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ወይም ሆስፒታል የሚያስገባ ነው፤ አንዳንዴ የሌለ ነገር ያሰማል፣ ያልሆነ ነገር ያሳምናል። ሁለቱንም ቶሎ የሚያሳብቀው እንቅልፍ ነው። የተጨነቀ ሰው እንቅልፍ ሲያጣ በማግሥቱ ይዝላል፣ ራሱን ያመዋል። ከፍ ያለ ሰው ግን ሦስት ሰዓት ተኝቶ ጉልበቱ አያልቅም። እንቅልፉም አይናፍቀውም። ቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ሥራው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት።

ከዚያ እንደገና ወደቅሁ። የሱቁ በር ተዘግቶ ይውላል። የደንበኛ ጨርቅ ተከምሯል። ስልኬ ሲጠራ ትራስ ሥር እከተዋለሁ። ወንድሜ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። ሐኪሙ በደንብ ጠየቀኝ። ትበያለሽ ወይ፣ ትተኛለሽ ወይ፣ ታለቅሻለሽ ወይ? ድባቴ ነው አለና የድባቴ መድኃኒት አዘዘልኝ። ስለ ከፍታው አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ደህና የነበርኩበትን ጊዜ ለሐኪም መንገር እንዳለብኝ ከየት አውቃለሁ?

የድባቴ መድኃኒት መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ሰው ተሽሎታል። ባይፖላር ላለበት ሰው ግን ሙድ የሚያረጋጋ መድኃኒት አብሮት ከሌለ፣ ለብቻው ወደ ማኒያ ሊገፋ ይችላል። እኔን ገፋኝ። በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተነሣሁ፣ ሱቄን ከፈትኩ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ደስ አለው። በዚያው ሰሞን ፍልሰታ ገባ።

ለሱባኤ ዘጌ ሄድኩ። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግሬ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ወዳለ ገዳም ገባሁ። ሌሊት ሰዓታት አለ፣ ጠዋት ኪዳን አለ፣ ከዚያ ቅዳሴ፤ ጾሙም አለ። መልካም ነገር ነው። በዚያ ሰዓት ለነበረው የእኔ አእምሮ ግን ያ ሁሉ የሌሊት ንቃት በእሳት ላይ ቤንዚን ሆነበት። ሌሎቹ ምእመናን ይደክማቸውና ጥግ ይዘው ያሸልባሉ። እኔ አላሸልብም። ቆየሁና የዛፉ ቅጠል ሁሉ መልእክት ያለው መሰለኝ። እመቤታችን ለአንድ ትልቅ ሥራ ለይታ የጠራችኝ መሰለኝ። ሰው በጸሎቴ ይደነቅ ነበር። የጠረጠሩት አንድ አባት ብቻ ናቸው። "ይህች ልጅ እንቅልፍ የላትም፤ ዘመድ ካላት ይምጣ" ብለው ወንድሜን አስጠሩት። ዛሬም አመሰግናቸዋለሁ።

ወንድሜ መጥቶ ወሰደኝ። ከተማ ስንገባ ግን ከእጁ አመለጥኩ። በዚያ ሰሞን ዕቁብ ደርሶኝ ነበር። ብሩን ከባንክ አወጣሁና ጣና ዳር ላገኘሁት ሰው ሁሉ አደልኩ። የእማዬን የአንገት ሐብል ለማላውቃት ሴት አጠለቅሁላት። ለባጃጅ ሹፌሮች ሱቅ እንደምከፍትላቸው ቃል ገባሁ። የከለከለኝን ሁሉ እሰድባለሁ። ቤት ሲያስገቡኝ ክርክር ተነሣ። አክስቴ መተት ነው አለች። አንድ ዘመዳችን አሁኑኑ ጠበል ትመለስ አለ። እጄን በነጠላ አሰሩኝ። ወንድሜ ፈታኝና "መጀመሪያ ሐኪም ይያት፤ ጠበሉ የትም አይሄድም" አለ። ያንን ዓረፍተ ነገር ባይናገር ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፍ አይመስለኝም።

ሆስፒታል ተኛሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙም ትዝ አይሉኝም፤ የማውቀው ወንድሜ የነገረኝን ነው። አንዲት የሳይካትሪ ነርስ እኔን ትታ እሱን ጠየቀችው። "ከዚህ በፊት ትንሽ እየተኛች፣ ሳይደክማት የከረመችበት ጊዜ ነበር?" ወንድሜ "ኧረ የለም ሲስተር፣ የሚያማት ድባቴ ነው" አላት። ትንሽ ቆይቶ ግን "እንዲያው ሱቁን የከፈተች ጊዜ..." ብሎ ጀመረ። የሦስት ሰዓቱ እንቅልፍ ተነሣ። ዱቤው ተነሣ። ከጓደኛዬ ጋር የተጣላሁት ተነሣ። ባይፖላር የሚለውን ስም ከዚያ ጥያቄ በኋላ ነው የሰማነው።

ዶክተሩ ደግሞ ስለ ዘመድ ጠየቀ። አንድ አጎት ነበረን። ክረምት ሲወጣ ከብቱን ሸጦ አገር ይጋብዛል፣ ሌሊት ይፎክራል፤ ከዚያ ወራት ከቤት አይወጣም። በቤተሰባችን ዛር አለበት ነበር የሚባለው። ባይፖላር ከቤተሰብ የመውረስ ዝንባሌ አለው። ከተማ ኑሮና ብዙ ትምህርት ያመጡት ነገርም አይደለም። በቡታጅራና አካባቢው ከ68 ሺህ በላይ ሰው ተጠይቆ በተሠራ ጥናት፣ ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ከባዱ ዓይነት ባይፖላር እንዳለበት ተገኝቷል። አብዛኞቹ ገጠሬዎች ናቸው። ይህን ስሰማ አጎቴን አሰብኩት። ማንም ሳያክመው ነው ያረፈው።

እንግዲህ ድባቴ ይዟችሁ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ስለ ደስታችሁም ንገሩ። ሳትጠየቁ ንገሩ። በትንሽ እንቅልፍ ብዙ የሠራችሁበት ሰሞን ነበር? ያላችሁን ያደላችሁበት፣ ያለ ልክ የተበደራችሁበት፣ አፋችሁ አልዘጋ ያለበት? ከዘመድ እንዲህ የሚሆን ሰው አለ? ከተቻለ የሚያውቃችሁን ሰው ይዛችሁ ግቡ። ከፍታን ከባለቤቱ ቀድሞ የሚያየው አጠገቡ ያለው ሰው ነው።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ኦላንዛፒን ነው። እንቅልፌን መለሰልኝ፣ ክብደትም ጨመረብኝ። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ የደም ስኳርንም ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ክብደትና ስኳር እየተለካ ነው የሚወሰደው። ለረጅም ጊዜ የጸናልኝ ግን ሊቲየም ነው። ሊቲየም የትናንት ነገር አይደለም፤ ለማኒያ እንደሚሠራ አውስትራሊያዊው ሐኪም ጆን ኬድ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። ከፍታውንም ውድቀቱንም ይከላከላል። ራስን የማጥፋት አደጋንም ይቀንሳል። ግን ቀልድ አያውቅም። በሚጠቅመውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው። ለዚህ ነው በደም የሚለካው። ደሙ የሚሰጠው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ ከ12 ሰዓት በኋላ ነው። ማታ 3 ሰዓት የዋጠ ሰው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይሰጣል። ኩላሊትና የእንቅርት ዕጢም በየጊዜው ይታያሉ።

እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ለጥልፍ ሠራተኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክር መርፌ ውስጥ አልገባ አለኝ። ዶክተሩ የደም ውጤቱን አይቶ መጠኑን አስተካከለልኝና መንቀጥቀጡ ቀለለ። የጎንዮሽ ጉዳት ሲመጣ ብዙ ሰው ዝም ብሎ መድኃኒቱን ይጥላል። ከመጣላችሁ በፊት ተናገሩ። ሰዓቱ ይቀየራል፣ መጠኑ ይቀነሳል፣ ዓይነቱም ይለወጣል።

እኔም ሊቲየሙን የጣልኩት ሲያመኝ ሳይሆን ደህና ስሆን ነው። ደህና ሰው ለምን መድኃኒት ይውጣል? ይህን ጥያቄ ባይፖላር ያለብን ሰዎች ብዙዎቻችን አንድ ቀን እንጠይቃለን። ደህና ያደረገን መድኃኒቱ መሆኑ ይረሳል። በተለይ ሊቲየምን በድንገት ማቆም ሕመሙን ቶሎ ይመልሰዋል። በእኔ ላይ የተመለሰው ከቀድሞዎቹ ሁሉ የከፋ ድባቴ ሆኖ ነው። ዕዳ አለ፣ ኀፍረት አለ። ጣና ዳር ያየኝ ሰው ሁሉ ያንን ቀን የሚያስታውስ ይመስለኛል። መሞት ዕረፍት ሆኖ ታየኝ። ለማንም አልተናገርኩም።

የጠየቀችኝ የወንድሜ ሚስት ናት። ወጥ እየሠራች ነበር። "እህቴ፣ ራስሽን ለመጉዳት ታስቢያለሽ እንዴ?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት። አልጮኸችም፣ አልተቆጣችኝም። እሳቱን አጠፋችና አጠገቤ ተቀመጠች። ያን ሌሊት ብቻዬን አልተዉኝም። ሲነጋ ሆስፒታል ነበርን።

ሰውን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። ያለውን ሐሳብ ከውስጡ ያወጣለታል። ስለዚህ አትፍሩ፣ ጠይቁ። አሁን እዚያ ጨለማ ውስጥ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሩ። ብቻችሁን አትደሩ። በቅርባችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ቤተሰብም የተጠራቀመ ክኒንና የተባይ መድኃኒት ከቤት ያውጣ። ያ ሐሳብ የማያልፍ ይመስላል፤ ያልፋል። በእኔ ላይ አልፏል። ከዚያ ወዲህ አግብቼ ወልጃለሁ።

ስለ ዕዳው፣ ወንድሜ ይዞኝ ወደ ዕቁቡ ዳኛ ሄደ። በሽታውን በስሙ ነገርናቸው። አንዱ አባል "ይህን ቀድማችሁ አትነግሩንም ነበር?" ብሎ ተቆጣ። ዳኛው ግን መክፈያ ጊዜ ሰጡኝ። ጥቂት በጥቂት ከፍዬ ጨረስኩ። ሁሉም ሰው አልተረዳኝም። አንዳንዱ ዛሬም ሱቄ ሲገባ ዓይኔን እያየ ይመዝነኛል። በዚህ አልሟገትም፤ ልብሱን አሳምሬ እሰጠዋለሁ።

ለባለቤቴ ሳንጋባ ነው የነገርኩት። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት። ቤተሰቤ "ይቅር፣ ይሸሻል" ብሎ ነበር። እኔ ደግሞ በሽታውን ደብቄ፣ ክኒን ደብቄ መኖር እንደማልችል አውቅ ነበር። አብሮኝ ሐኪም ዘንድ ሄደና የራሱን ጥያቄ ጠየቀ። ዝም ብሎ አዘነልኝ ከማለት ይህ ይበልጣል። ለማግባት የምታስቡ ካላችሁ፣ ሰውየውን አንድ ቀን ቀጠሮ ላይ ይዛችሁት ግቡ።

ከሠርጋችን በኋላ የመጣው አደጋ ምክንያቱ የጥርስ ሕመም ነው። ወሩ መጋቢት ነው፤ የባሕር ዳርን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ዐቢይ ጾም ስለነበር እስከ 9 ሰዓት ውኃ አልቀምስም። ጥርሴን ሲያመኝ ከአንድ መድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቼ ዋጥኩ። ሊቲየም ትወስጃለሽ ወይ ያለኝ የለም። በጥቂት ቀን ውስጥ አስመለሰኝ፣ ተቅማጥ ያዘኝ፣ እጄ በኃይል ተንቀጠቀጠ። ስራመድ ተወላገድኩ፣ ምላሴ ተሳሰረ። ባለቤቴ ድንገተኛ ክፍል አደረሰኝ። ሊቲየሙ በደሜ ውስጥ ከልክ አልፎ ነበር።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሊቲየም በኩላሊት በኩል እንዳይወጣ ያደርጉታል። አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣም ሊቲየሙ ይጠራቀማል። ስለዚህ ሊቲየም የምትወስዱ ሰዎች፣ ለጥርስም ሆነ ለወገብ መድኃኒት ስትገዙ መጀመሪያ ይህን ተናገሩ። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይሻላል። ውኃ በደንብ ጠጡ። ጨው በአንዴ አታቁሙ። ማስመለስ ወይም ተቅማጥ ከያዛችሁ የሚቀጥለውን ክኒን ከመዋጣችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። እኔ የምወስደውን መድኃኒት ስምና መጠን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከመታወቂያዬ ጋር ይዤ እዞራለሁ።

ከዚያ ስለ ጾሙ የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። እወቀሳለሁ ብዬ ፈርቼ ነበር። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38ን አስነበቡኝ። ሐኪም እንዲከበር፣ መድኃኒትም የእግዚአብሔር ሥራ እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ነው። "ልጄ፣ ውኃሽን ጠጪ፣ ክኒንሽን ዋጪ፣ ከሥጋና ከወተቱ ተከልክለሽ ጹሚ" አሉኝ። የንስሐ አባታችሁን ሳትጠይቁ መድኃኒት እያቆማችሁ የምትጾሙ፣ እባካችሁ ጠይቁ። ረመዳንን የምትጾሙም ከኢማማችሁና ከሐኪማችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጠበልና ክኒንም አይጣሉም። ጠበል ቦታ ክኒን ጣይ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ አባት ጠይቁ።

ሴቶች ደግሞ ይህን ልብ በሉ። አንድ ጊዜ ሊቲየም ከከተማው ጠፋና በቫልፕሮኤት ይተካ የሚል ሐሳብ መጣ። መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለችው ባለሙያ "ልጅ ለመውለድ ታስቢያለሽ?" ብላ ጠየቀችኝ። እንደማስብ ስነግራት ወደ ሐኪሜ መለሰችኝ። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ከተወሰደ በፅንሱ ላይ ከባድ የአካልና የአእምሮ እድገት ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ሌላው በብዛት የሚታዘዘው ካርባማዜፒን ደግሞ የእርግዝና መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ሊያዳክም ይችላል። ይህን ሁሉ ለማወቅ ማርገዝ አያስፈልግም። የመውለድ ዕድሜ ላይ ያላችሁ ሁሉ መድኃኒቱ ሲጻፍላችሁ ጠይቁ። አርግዛችሁ ካገኛችሁት ደግሞ ደንግጣችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ባይፖላር ላለባት ሴት በጣም አስጊ ናቸው። እኛ ሐኪሙን ይዘን አስቀድመን አቀድን። የአራስ ጥሪ ጠበብ አለ። ገንፎው ተበላ፣ እልል ተባለ፣ ግን ሰው ማታ አላመሸም። ሌሊት ሕፃኗን እማዬ ትይዛታለች፣ እኔ እተኛለሁ። አንዳንድ ዘመድ "እናት ሆና እንዴት ትተኛለች?" ብሎ አማን። እማዬ "ልጄ ካልተኛች ልጅቷ እናት የላትም" ብላ መለሰችላቸው።

የእንቅልፍ ነገር አሁንም የኑሮዬ ዋናው ሥራ ነው። ማታ 3 ሰዓት ስልኬ ሳሎን ይቀራል። ከምሳ በኋላ ቡና አልጠጣም። ጫት በአካባቢያችን እንደ ልብ ነው፤ ግን አነቃቂ ነው፣ እንቅልፍ ይነሣል፣ ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል። ለእኛ አይሆንም። አረቄና ቢራም እንዲሁ። ለቅሶ ቤት ቀን ሄጄ ቀን እመለሳለሁ። ማኅሌት አልቆምም፣ ቅዳሴ ግን አስቀድሳለሁ። ሠርግ ላይ ቀድሜ እወጣለሁ። ሰው "ኮራች" ይላል። ይበል። አንድ ሌሊት ባልተኛ በማግሥቱ ለወንድሜ እነግረዋለሁ። ሁለተኛው ሌሊት ከተደገመ ለሐኪሜ እደውላለሁ። አራተኛውን አልጠብቅም።

ከወንድሜና ከባለቤቴ ጋር የተስማማንበት ወረቀት አለ። ደህና ሆኜ ሳለሁ የጻፍነው ነው። ከፍ ስል የሚታዩብኝ ምልክቶች ተጽፈዋል። ሌሊት ቴሌግራም መጻፍ፣ ያልታዘዘ ጨርቅ መግዛት፣ ለማላውቀው ሰው ምሥጢር ማውራት። ስወርድ የሚታዩትም አሉ። ፀጉሬን አለመሠራት፣ ሱቁን አርፍዶ መክፈት፣ "ደክሞኛል" ማለት። ምልክቱ ሲታይ ማን ምን እንደሚያደርግም አለበት። የባንክ ደብተሬና ወርቄ ወደ ባለቤቴ ይሄዳል። ወንድሜ ቀጠሮ ያስይዛል። እኔ እምቢ ብል እንኳ የዚያን ቀን እምቢታዬን እንዳይሰሙኝ ፈርሜያለሁ። የየሰው ምልክት የተለያየ ስለሆነ የእኔን አትቅዱ። ቤተሰባችሁን "ከመታመሜ በፊት ምን አያችሁብኝ?" ብላችሁ ጠይቁና ከአፋቸው ጻፉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ግን ሌላ ችግር አመጣ። እማዬ በሣቅሁ ቁጥር መደንገጥ ጀመረች። ዘፈን ባንጎራጉር "ክኒንሽን ውጠሻል?" ትለኛለች። ይህ ያሳዝናል፤ ሰው ደስ ሊለው መብት አለው። እየተነጋገርን አንድ ልማድ አበጀን። ወንድሜ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ "ለስንት ሰዓት ያህል ተኛሽ?" ይለኛል፣ እኔም እውነቱን እነግረዋለሁ። ለሰባት ሰዓት ያህል ተኝቼ ከሣቅሁ ሣቅ ነው። ለሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ከሣቅሁ እናወራለን።

ቤተሰብ ለሆናችሁም ጥቂት ልበል። ሰው በማኒያ ላይ እያለ አትከራከሩት። ያላችሁትን ሁሉ ያሸንፋችኋል፣ ይቆጣል፣ ይባባሳል። ድምፃችሁን ቀንሱ፣ እንግዳ አስወጡ፣ መብራት ደብዘዝ አድርጉ፣ ገንዘቡን ያዙ፣ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። አትሰሩት፣ አትምቱት። እኔ የነጠላውን እስር እስከ ዛሬ በእጄ ላይ አውቀዋለሁ። ድባቴ ላይ ሲሆን ደግሞ "ጠንክሪ፣ ሌላው ስንት አለበት" አይበጅም። ባለቤቴ ጠዋት መጋረጃውን ይከፍትና "ነይ፣ ዘንባባው ሥር ትንሽ እንራመድ" ይለኛል። እምቢ ካልኩ ከአሥር ደቂቃ በኋላ እንደገና ይመጣል። ወጥተን ጥቂት ሄደን እንመለሳለን። ብዙ አያወራኝም።

ባሕር ዳርና አካባቢው ላላችሁ፣ ፈለገ ሕይወትም ጥበበ ጊዮንም ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና አላቸው። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያላችሁ ከጤና ጣቢያችሁ ሪፈር አጽፋችሁ ሂዱ። መድኃኒቱ ሁልጊዜ አይገኝም፣ መንገድም ይዘጋል። ስለዚህ የመጨረሻውን ፍሬ እስክትጨርሱ አትጠብቁ። ሁለት ሳምንት ሲቀራችሁ ፍለጋ ጀምሩ። ቀጠሮ ላይ እያላችሁም ሐኪሙን "ይህ ባይገኝ ምን ልውሰድ?" ብላችሁ ጠይቁና መልሱን በካርዳችሁ ላይ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ።